የተራራው ጥያቄ፤ በእንጦጦ መንገድ ላይ የተደረገ ምልልስ

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ክረምቱ ያጠበው ሰማይ እንደ ብርሌ ጠርቶ ሳለ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ በባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ሁለት ሰዎችን ተከትዬ እወጣ ነበር። አንደኛው ለብዙ ዘመን ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን በጡረታ ኮተቤ የተቀመጡ አረጋዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከፊዚክስ አስቀድመው ባሕረ ሐሳብ ስለ ተማሩ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ሲናገሩ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቋንቋ በአፋቸው ይገናኛል። ሁለተኛዋ በአራት ኪሎ ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማር ወጣት ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ርእስ እስከ ወሩ መጨረሻ ማስመዝገብ ስለ ነበረባትና ሐሳቧም በሦስት መንገድ ተከፍሎ ስላስቸገራት፣ ምክር ፈልጋ ወደ እርሳቸው መጥታ ነበር። የተነጋገሩትን እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ።

መምህር፦ እስቲ ልጄ፣ ሦስቱን ርእሶች በየተራ ንገሪኝ፤ ዳገቱ ገና ነው፣ ትንፋሻችንም አላለቀም።

ተማሪ፦ እሺ መምህር። አንደኛው የኳንተም ሥነ ብርሃን ነው፤ ይኸውም «የተጨመቀ ብርሃን» ስለሚባለው ነገር ነው። በክፍላችን ይህ ትምህርት ሥር የሰደደ መሆኑን ያውቃሉ፤ ፍሥሐ ካሣሁን በዚሁ ጉዳይ መማሪያ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ከእኔ በፊት ካለፉት ተማሪዎችም ብዙዎቹ ባለ ሦስት እርከን አቶም በሚያመነጨው ሌዘር ላይ ስሌት ሠርተው ተመርቀዋል። ሁለተኛው ፎቶኒክስ ነው፤ ብርሃንን የሚያመነጩና ብርሃንን የሚቀበሉ ቁሶችን መመርመር ማለት ነው። ሦስተኛው ግን ልቤ የሚከጅለው ነው፤ የሰማይን ነገር ከደቂቃን ቅንጣቶች ነገር ጋር አዛምዶ፣ ከጠፈር ሌትና ቀን ስለሚዘንቡት ጨረሮች የሚጠይቀው ትምህርት።

መምህር፦ ልብሽ የሚከጅለውን ካወቅሽ ምን አስጨነቀሽ?

ተማሪ፦ የመጀመሪያውን ብመርጥ፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ስለሚበቃው የመረጥሁት እንዳይሆን እፈራለሁ። ሁለተኛውን እንዳልመርጥ፣ አንድ ጓደኛዬ ከውጭ አገር ያስመጣው ትንሽ የብርሃን መቀበያ በአንድ መጋዘን ውስጥ ወራት ተቀምጦ፣ የጽሑፉ ጊዜ ሲያልፍበት አይቻለሁ። ሦስተኛውን ብመርጥ ደግሞ መሣሪያው ያለው በናሚብያ ደጋ ነው፤ ወይም ደግሞ በደቡብ ዋልታ ነው፤ በዚያ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚሆን በረዶ የኒውትሪኖ ማጥመጃ ሆኖአል። እኔ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ ምን ላደርግ እችላለሁ?

መምህር፦ መጀመሪያውን አታዋርጂው። ብርሃን ፍጹም ጸጥታ የለውም፤ ምንጩ የቱንም ያህል ቢጠራ ከባሕርዩ የማይለይ መንቀጥቀጥ አለው። ይህም መንቀጥቀጥ በሁለት ወገን የተካፈለ ስለ ሆነ፣ ጤፍ የተሞላ ጆንያ በአንድ ጎኑ ሲጫኑት በሌላው ጎኑ እንደሚያብጥ ሁሉ፣ በአንዱ ወገን ጨምቀን ብናሳንሰው በሌላው ወገን ይበረታል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ነገር ግን መለኪያችን የሚመለከተው ጸጥ ያሰኘነውን ወገን ብቻ ከሆነ፣ በሌላው ወገን ማበጡ አይጎዳንም። ለብዙ ሰው ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ ይመስለው ነበር። በአሜሪካ ግን ክንዶቻቸው አራት አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ፣ የስበት ሞገድን የሚጠባበቁ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. የሁለት ጥቁር ጉድጓዶችን ውሕደት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት እነርሱ ናቸው። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እነዚያ መሣሪያዎች የተጨመቀ ብርሃን ስለሚገባባቸው፣ ከቀድሞው ይልቅ አርቀው ይሰማሉ። እንግዲህ አራት ኪሎ ላይ በእርሳስ የሚሰላው ነገር ከሰማይ ጉዳይ የራቀ አይደለም።

ተማሪ፦ እንግዲያስ እርሱን ያዢ ነው የሚሉኝ?

መምህር፦ አላልሁም። ሌሎች የሄዱበት ስለ ሆነ ብቻ ከያዝሽው፣ መንገዱ ቢያምርም የአንቺ አይሆንም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ይህ የቆምንበት ተራራ፣ ቦስተንም ቶኪዮም ካሉበት ምድር ይልቅ አጥርቶ የሚመልሰው ጥያቄ የትኛው ነው?

በዚህ ጊዜ የቅጠልና የእንጨት ሸክም ያጎበጣቸው እናቶች በቁልቁለቱ እየወረዱ ስለ ደረሱብን፣ መምህሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው መንገዱን ለቀቁላቸው፤ እኛም ከመንገዱ ዳር ቆምን። ሸክሙ ካለፈ በኋላ ተማሪዋ ጥያቄውን ሳትረሳ ቀጠለች።

ተማሪ፦ ከላይ ያለው የጠፈር መመልከቻ መቼም የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ተቋቁሞ፣ ከዐሥር ዓመት ጥረት በኋላ በ2015 ሁለቱ ቴሌስኮፖች ተመረቁ፤ የእያንዳንዳቸው መስተዋት አንድ ሜትር ስፋት አለው፤ ቦታውም ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተተኰሰችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም ምልክቷን የምትልከው ወደዚሁ ተራራ ነበር። ነገር ግን በቺሊ 39 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በሚሠራበት ዘመን፣ አንድ ሜትር ምን ይደርሳል እያሉ የሚያጣጥሉ አሉ።

መምህር፦ የሚያጣጥሉት ስለ ምድር መዞር ስላላሰቡ ነው። ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ ዓይን ሳይነቀል መጠበቅ ትሻለች፤ ቺሊ ቀን ሲሆን የሚጠብቃት ማን ነው? ደግሞም እኛ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆንን፣ የሰሜኑን ዋልታ ኮከብ ከአድማስ በላይ እያየን የደቡቡን መስቀልም እናያለን፤ የሁለቱንም ንፍቀ ሰማይ ሀብት ከአንድ ደጅ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙ አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዲት ኮከብና ፕላኔቷን ለስያሜ ሲሰጥ፣ ለእኛ የደረሰችው በአንድሮሜዳ ውስጥ ያለች ኮከብ «ቡና» ተባለች፤ ፕላኔቷም «አቦል»። ስሙን ከሰጠን ዘንድ አቦልን የሚጠብቅ ሰው ከእኛ መካከል እንዲወጣ እመኛለሁ። ይሁን እንጂ የአንቺ ልብ ከከዋክብት ብርሃን ይልቅ በጨረሩ ላይ ስለ ሆነ፣ ስለ አሥመራ ልንገርሽ።

ተማሪ፦ አሥመራ ከኮስሚክ ጨረር ጋር ምን አገናኛት?

መምህር፦ ይህን የማያውቅ የፊዚክስ ተማሪ በአገራችን መኖሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ቪክቶር ሄስ የሚባል የኦስትሪያ ሰው በነሐሴ ወር 1912 (እ.ኤ.አ.) በፊኛ ተንሳፍፎ ከ5,000 ሜትር በላይ በወጣ ጊዜ፣ ጨረሩ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር እየበረታ መሄዱን አየ፤ ስለዚህ ምንጩ ከምድር ሳይሆን ከጠፈር መሆኑን ዐወቀ። ነገር ግን የሚወርደው ነገር እንደ ብርሃን ያለ ጨረር ይሁን ወይስ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ይሁን፣ ሊቃውንቱ ለሃያ ዓመት ሲከራከሩ ኖሩ። ብሩኖ ሮሲ የሚባል ወጣት ኢጣልያዊ፣ ቅንጣቶቹ ሙል ካላቸው የምድር መግነጢስ መንገዳቸውን ሊያጎብጠው ይገባል፤ ሙላቸው አዎንታዊ ከሆነ ደግሞ ከምሥራቅ ይልቅ ከምዕራብ በዝተው መምጣት አለባቸው ብሎ አሰላ። ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ግን በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አቅራቢያና በከፍታ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ካርታ ቢዘረጋ ወዴት ይጠቁመዋል?

ተማሪ፦ ወደ እኛ ደጋ!

መምህር፦ ወደ እኛ ደጋ። አሥመራ በዚያን ጊዜ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ በ1933 (እ.ኤ.አ.) ከጓደኛው ከሰርጂዮ ዴ ቤኔዴቲ ጋር መቍጠሪያውን ጭኖ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ከምዕራብ የሚመጣው ከምሥራቁ በመቶ 26 ያህል በልጦ ተገኘ። በሜክሲኮ ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በጥቂት ወራት ቀድመውታል፤ የእርሱ ልኬት ግን ነገሩን አጸና። ከዚያም በላይ ተራርቀው የተቀመጡ መቍጠሪያዎች አልፎ አልፎ በአንድ ቅጽበት አብረው ሲመቱ አስተውሎ፣ እጅግ ሰፊ የቅንጣት ወጨፎ ከሰማይ ይወርዳል ብሎ ጻፈ፤ ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ ይህንኑ አስፋፍቶ ያሳየው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1938 ነው። ሮሲ ከአሥመራ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት አገሩ በእኛ ላይ ዘመተች፤ እርሱም ራሱ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1938 በወጣው የዘር ሕግ ከፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ተባረረ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የእኛ ደጋ የሚመልሰውን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀው እንግዳ ሰው ነበር። እኛስ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ጠየቅነው?

መምህሩ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ጥቂት ጊዜም ዝም ብለን ሄድን። እኔም በልጅነቴ የተማርሁትን አሰብሁ፦ በመጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት ደጆች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው ስድስት ደጆች በምዕራብ እንዳሉ ተጽፎአል፤ ይህም መጽሐፍ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። ምሥራቅንና ምዕራብን ለይቶ ሰማይን መመርመር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አልነበረም።

ተማሪ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ ሮሲ የመለሰውን ጥያቄ ከዘጠና ዓመት በኋላ መልሼ ብጠይቅ መርማሪዎቹ «ይህ የታወቀ ነው» ብለው ይጥሉብኛል። እውነትም ልክ ናቸው።

መምህር፦ ጥሩ ተቃወምሽ። እንግዲያስ ያልተመለሰውን እንፈልግ። ከጠፈር የሚመጣው ፕሮቶን በላይኛው አየር ሲመታ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። የሙዮን ዕድሜ የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ እንደ ብርሃን ቢሮጥ እንኳ ስድስት መቶ ስድሳ ሜትር ያህል ሳይርቅ መሞት ነበረበት።

ተማሪ፦ ነገር ግን በፍጥነቱ ምክንያት ጊዜው ስለሚረዝምለት እስከ ምድር ይደርሳል፤ አንስታይን እንዳለው። በባሕር ጠለል ላይ በመዳፍ ስፋት በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፋል፤ አሁን ስንነጋገር በእኛም ውስጥ እያለፈ ነው።

መምህር፦ በእንጦጦ ላይ ደግሞ ከአየሩ ሲሶ የሚያህለው ከእግራችን በታች ስለ ቀረ፣ ቍጥሩ ይበዛል። ነገር ግን በመግነጢሳዊው ወገብ አቅራቢያ በመሆናችን፣ ደካሞቹ ቅንጣቶች ወደ ዋልታዎቹ ተገፍተው ብርቱዎቹ ብቻ ያልፋሉ። ከፍታውና መግነጢሱ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ብርቅ ነው። ታይላንዶች ይህን ስላወቁ በ2,565 ሜትር ላይ በዶይ ኢንታኖን፣ በአገራቸው ከፍተኛ ተራራ፣ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኒውትሮን መቍጠሪያ አቁመው፣ ፀሐይ በተቈጣች ጊዜ የብርቱዎቹ ጨረሮች ቍጥር እንዴት እንደሚወርድና እንደሚወጣ ለዓለም ይናገራሉ። እንጦጦ ከዚያ በ600 ሜትር ይበልጣል። በአራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ መመልከቻም ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲመዘግብ ኖሮአል፤ አባ ፒየር ጉዋን ያቋቋሙት ነው። የመግነጢሱ መዝገብ ከታች አለ፤ ተራራው ከላይ አለ፤ የጎደለው በመካከላቸው የሚቈጥር ሰው ነው።

ተማሪ፦ የሚቈጥርበትስ መሣሪያ?

መምህር፦ ያንን አንቺ ንገሪኝ፤ ፎቶኒክስን የተማርሽው አንቺ ነሽ።

ተማሪ፦ ሙዮን ሲያልፍባት እንደ ብልጭታ የምታበራ የፕላስቲክ ሰሌዳ አለች፤ ብልጭታዋ እጅግ ደካማ ስለ ሆነች በዓይን አትታይም። በሰሌዳዋ ጫፍ ላይ ጥቂት ፎቶኖችን እንኳ የሚቀበል፣ ከጥፍር የማይበልጥ የሲሊከን መቀበያ ይለጠፋል። ሁለት ሰሌዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርገው፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ሲያበሩ ብቻ ይቈጠራል፤ ይህም ሮሲ በ1930 ያወጣው ዘዴ ነው። ሰሌዳዎቹን ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ይቻላል። ሁሉም በአንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ይገባል... እንግዲህ ሁለተኛው ርእሴ በሦስተኛው ውስጥ ነበረ ማለት ነው! ቅንጣቷን የሚነግረኝ ብርሃን ነው፤ የብርሃኑን መንቀጥቀጥ ካልተረዳሁ ደግሞ ብልጭታውን ከመሣሪያው ጫጫታ መለየት አልችልም።

መምህር፦ እግርሽንም አትርሺ። ሄስ ፊኛ አስፈልጎት ነበር፤ አንቺ ግን ከቦሌ 2,300 ሜትር ተነሥተሽ በታክሲና በእግር በአንድ ቀን 3,200 ሜትር ትደርሻለሽ። በአንድ ከተማ ውስጥ 900 ሜትር ወደ ላይ የሚኬድበት ስንት ቦታ ታውቂያለሽ? በየመቶ ሜትሩ ብትቈጥሪ፣ ቍጥሩ ከአየሩ ውፍረት ጋር እንዴት እንደሚያድግ በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ያሳየ ሥራ ይሆንልሻል። ከዚያም መሣሪያውን በመመልከቻው ትተሽ ዓመቱን ሙሉ ይቍጠር፤ ክረምት ሰማዩን ሲዘጋው ቴሌስኮፑ ይተኛል፤ ሙዮን ግን ደመና አይከለክለውም። እንዲያውም የነጐድጓድ ደመና በላያችን ሲቆም ቍጥሩ ይለወጥ እንደ ሆነ የምታውቂው ያን ጊዜ ነው።

ተማሪ፦ ሌላም አሳብ መጣልኝ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ሉዊስ አልቫሬዝ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በግብፅ በካፍሬ ፒራሚድ ውስጥ ሙዮን እየቈጠረ የተሰወረ ክፍል ፈልጎ ነበር፤ እርሱ ባያገኝም በ2017 በዚሁ ዘዴ በኩፉ ፒራሚድ ውስጥ ትልቅ ባዶ ስፍራ ተገኘ። በዋሻ ሚካኤል መሣሪያዬን ወደ አለቱ ባዘነብለው፣ በየአቅጣጫው የጎደለው የሙዮን ቍጥር የአለቱን ውፍረት ይነግረኛል፤ ቀጥሎም በላሊበላ፣ ድንጋዩን በጣት እንኳ ሳይነኩ የተሰነጠቀውን ቦታ ማወቅ ይቻል ይሆናል።

መምህር፦ ደስ የሚል አሳብ ነው፤ ነገር ግን ለዶክትሬትሽ አቆዪው። ስትሄጂም ቦርሳሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ አትግቢ፤ የደብሩን አለቃ አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ምን እንደምትሠሪም በሚገባቸው ቋንቋ አስረጂ። ሙዮን አለቱን እንደማይጎዳ ካስረዳሻቸው የሚከለክሉሽ አይመስለኝም፤ እነርሱ ከአንቺ በፊት ያን ድንጋይ የጠበቁ ናቸው።

ከአናቱ ስንደርስ ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል አዘቅዝቃ ነበር። ከተማዪቱ ከእግራችን በታች ተዘርግታ፣ ከየካ አባዶ እስከ መገናኛ፣ ከዚያም እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ መብራቶቿን አንድ በአንድ ማብራት ጀመረች፤ እኛም ጎን ለጎን ቆመን፣ ከምድር የሚወጣው ብርሃን የከዋክብቱን ቦታ ቀስ በቀስ ሲወስድ ተመለከትን።

ተማሪ፦ ይህን ስመለከት ልቤ ይሰበራል። ቴሌስኮፖቹ ከተመረቁ ወዲህ እንኳ የመንገዱ መብራት ስንት እጥፍ ጨመረ!

መምህር፦ ጨለማ ለከተማ ጥሩ አይደለም፤ ሴት ልጅ በሌሊት ወደ ቤቷ የምትገባበት መንገድ ይብራ። ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም፤ ወደ ሰማይ መመለሱ ነው። ሰማያዊው ብርሃን በአየር ውስጥ ከቀዩ ይልቅ ስድስት እጥፍ ያህል ይበተናል፤ አዲሶቹ ነጫጭ አምፖሎች ደግሞ ሰማያዊ ይበዛባቸዋል። ሰማዩ ቀን ሰማያዊ የሆነበት ያው ሕግ ሌሊቱን ያነጣዋል። ሞቅ ያለ ቀለም ያለው አምፖል ተመርጦ፣ ከላዩ ክዳን ቢደረግለት፣ መንገዱም ይበራል፣ ሰማዩም ይድናል።

ተማሪዋ በቀጣዩ ሰኞ ርእሷን አስመዘገበች፦ ከቦሌ እስከ እንጦጦ በከፍታና በአቅጣጫ የሚለዋወጠው የሙዮን ብዛት፣ በሲሊከን የብርሃን መቀበያ የሚለካ። መቀበያዎቹን እየጠበቀች ነው፤ በእጅዋ ያሉት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ሁለት ናቸው።

እናንተ ግን በየካ ዳገት፣ በፈረንሳይ፣ በኮተቤና በአባዶ ቤት የሠራችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ወደ ደጃችሁ ወጥታችሁ አምፖላችሁን ተመልከቱት፤ ወደ ላይ የሚያበራ ከሆነ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን አድርጉለትና ብርሃኑን ወደ መሬት መልሱት።